በጆይስቲክ የተቀረጸ ዓለም

በ2014 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተካሄደው ዓመታዊው የጌም ሠሪዎች ጉባኤ፣ ናኦኪ ዮሺዳ የተባለ ጃፓናዊ ፕሮዲዩሰር መድረክ ላይ ወጥቶ ስለ አንድ የአበባ ማሰሮ ተናገረ። የሚሠራበት ኩባንያ ስኩዌር ኤኒክስ በ2010 ባወጣው ፋይናል ፋንታሲ 14 ውስጥ ለማስዋቢያ ከተቀመጡት ዕቃዎች አንዱ ይኸው ማሰሮ ነበር። ማሰሮው ብቻውን 1,000 ያህል ፖሊጎንና 150 መስመር የሼደር ኮድ ፈጅቷል። ፖሊጎን የኮምፒዩተር ምስል የሚገጣጠምበት ጥቃቅን ጠፍጣፋ ገጽ ነው፤ ሼደር ደግሞ ብርሃን በዕቃው ላይ እንዴት እንደሚያርፍ የሚያሰላ ኮድ። አንድ ተጫዋች የሚያንቀሳቅሰው ጀግና ከነትጥቁ የሚፈጀውም ይህንኑ ያህል ነው። ማንም ዞር ብሎ የማያየው ማሰሮ ከጀግናው እኩል ሲበላ ኖሯል ማለት ነው።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ጌሙ የወጣው ለኮምፒዩተር ብቻ ነበር። ኮምፒዩተር ሜሞሪ ቢያንሰው ይጨመርለታል፣ የምስል ካርዱ ቢደክም ይቀየራል፤ ሠሪዎቹ ይህን ተማምነው ያማራቸውን ሁሉ ጨመሩበት። የተገኘው ግን በውድ ኮምፒዩተር ላይ እንኳ የሚንፏቀቅ፣ ሜኑ ለመክፈት የሚያቅማማ፣ ተቺዎች እየተቀባበሉ የወቀሱት ጌም ነው። ቃል የተገባው የፕሌይስቴሽን 3 ቅጂ ላልተወሰነ ጊዜ ተራዘመ። በዲሴምበር 2010 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ዮይቺ ዋዳ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ የሥራ መሪዎቹ ተቀየሩ፤ ኃላፊነቱ ለዮሺዳ ተሰጠ። (በዚህ ምዕራፍ ዓመትና ወሩ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ዮሺዳ ጌሙን እንደገና ከመሠረቱ ለመገንባት ወሰነ። አዲሱ ጌም በደንብ መሥራት ያለበት ግን በኃይለኛው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ አልነበረም። 256 ሜጋባይት ዋና ሜሞሪና 256 ሜጋባይት የምስል ሜሞሪ ባለው፣ ያኔ እየሸመገለ በነበረው ፕሌይስቴሽን 3 ላይም መሮጥ ነበረበት። ዛሬ ርካሽ የሚባል ስልክ እንኳ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይይዛል። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ባለ 1,000 ፖሊጎን ማሰሮ ቦታ የለውም።

የኦንላይን ሮል ፕሌይንግ ጌም በኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን ባለው የጌም ማሽን) እና በኮምፒዩተር ላይ ሲወዳደር፣ ሰው ቶሎ የሚሮጠው ወደ ምስሉ ጥራት ነው፤ የትኛው ይደምቃል፣ የትኛው በሴኮንድ ስንት ምስል ያሳያል። ይህ ከልዩነቶቹ ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ገንዘብ ይፈታዋል። የጌሙን ባሕርይ የሚቀይሩት ሌሎች ናቸው፦ በእጅ ላይ ያሉት ቁልፎች ቁጥር፣ ተጫዋቾች የሚነጋገሩበት መንገድ፣ ገበያው፣ ማሻሻያ የሚደርስበት ቀን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሁለቱ ማሽኖች ሰዎች በአንድ ዓለም ውስጥ መገናኘት መቻል አለመቻላቸው።

አዲስ አበባ ውስጥ ፕሌይስቴሽን ሲባል ብዙ ሰው የሚመጣበት ኳስ ነው። በየሰፈሩ ባሉ ፕሌይስቴሽን ቤቶች ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጋጠማሉ፤ የተሸነፈ ጆይስቲኩን ለባለተራው ያስረክባል። ሮል ፕሌይንግ ጌም በተራ የሚጫወቱት አይደለም። ተጫዋቹ አንድ ገጸ ባሕርይ ፈጥሮ ስም ያወጣለታል፤ ያ ገጸ ባሕርይ ለወራትና ለዓመታት ሙያ ይማራል፣ ትጥቅ ይሰበስባል፣ ቤት ይገዛል፣ ከሌሎች ጋር ተቧድኖ ጭራቅ ይገጥማል። ኦንላይን ሲሆን ደግሞ ዓለሙ የሚኖረው ኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሆነ፣ ተጫዋቹ ማሽኑን አጥፍቶ ቢተኛም ገበያው ይውላል፣ ጦርነቱም ይቀጥላል።

ይህ ዓይነቱ ጌም የተወለደው ኮምፒዩተር ላይ ነው። በ1999 ኤቨርክዌስት፣ በ2004 ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት የመጡት ኪቦርድና ማውስ ይዘው ነው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍትን የከፈተ ሰው ስክሪኑ ግርጌ ላይ የችሎታ ምልክቶች በረድፍ በረድፍ ተደርድረው ያያል፤ ለእያንዳንዱ አንድ የኪቦርድ ቁልፍ አለው፤ ካነሰ ሺፍት፣ ካልበቃ ኮንትሮል እየተጫነ ይጨምራል። ይህ ጌም እስከ ዛሬ ወደ ኮንሶል አልተሻገረም፤ አንዱ ምክንያት የቁልፉ ብዛት መሆኑን ለማወቅ ያን ስክሪን አንዴ ማየት ይበቃል።

ጃፓኖች ግን ገና በ2002 ሞክረውት ነበር። ፋይናል ፋንታሲ 11 በዚያ ዓመት ሜይ 16 ቀን ጃፓን ውስጥ ሲወጣ ማሽኑ ፕሌይስቴሽን 2 ነበር። ጌሙን ለመጫወት ለፕሌይስቴሽኑ የሚገጠም ሃርድ ዲስክና የኔትወርክ መገናኛ ያስፈልግ ነበር። ከወራት በኋላ የኮምፒዩተሩ ቅጂ መጣ፤ በ2006 ደግሞ ኤክስቦክስ 360 ተጨመረ። የሦስቱም ተጫዋቾች የገቡት እነዚያው ሰርቨሮች ውስጥ አብረው ነው፤ ያኔ ይህ ብርቅ ነበር። ሳሎን ሶፋ ላይ የተቀመጠው የኦሳካ ተጫዋች ኮምፒዩተር ላይ ካጎነበሰው የካሊፎርኒያ ተጫዋች ጋር አብሮ ይዘምታል። ጽሑፍ መጻፍ የፈለገ የፕሌይስቴሽን ባለቤት ተራ የዩኤስቢ ኪቦርድ ይሰካል፤ ቋንቋ ለማይግባቡት ደግሞ ጌሙ ውስጥ የተዘጋጁ ሐረጎች ነበሩ፦ አንዱ ከዝርዝሩ መርጦ ሲልክ ሌላው በራሱ ቋንቋ ያነበዋል።

የኮንሶሉ አገልግሎት በማርች 31 ቀን 2016 ተዘጋ። የኮምፒዩተሩ ቀጠለ። ፕሌይስቴሽን 2 በአንድ ጌም ምክንያት ወደ 14 ዓመት መሥራቱ የሚያስገርም ነው፤ ነገር ግን ኮንሶል አንድ ቀን ያረጃል፣ ኮምፒዩተር ግን ክፍሉ እየተቀየረ ይኖራል። ይህ ጉዳይ ለ14ኛውም ተርፎታል።

ዳግመኛ የተገነባው ፋይናል ፋንታሲ 14 በኦገስት 27 ቀን 2013 በኮምፒዩተርና በፕሌይስቴሽን 3 እኩል ወጣ። የዮሺዳ ቡድን ለቁልፍ እጥረቱ ያገኘው መላ ቀላል ነው፤ ቀላልነቱ ግን አያታልል። ተጫዋቹ በጆይስቲኩ ጀርባ ያለውን ኤል 2 ሲጫን፣ በግራ አውራ ጣቱ ሥር ያሉት አራት አቅጣጫዎችና በቀኝ አውራ ጣቱ ሥር ያሉት አራት ቁልፎች ስምንት ችሎታዎችን ይይዛሉ። ኤል 2ን ለቆ አር 2ን ሲጫን እነዚያው ስምንት ቁልፎች ሌሎች ስምንት ችሎታዎች ይሆናሉ። ስክሪኑ ላይ ይህ ሁሉ የሚታየው በመስቀል ቅርጽ ተቧድኖ ነው፤ ዓይን ምልክቱን ባየበት ቦታ ጣት ቁልፉን ያገኘዋል። 16 ችሎታ፣ ጣት ከቦታው ሳይነሳ። አር 1ን ነካ ማድረግ ወደ ሌላ ስብስብ ያዞራል።

በኮምፒዩተሩ በኩል ተጫዋቹ እያንዳንዱ 12 ቦታ ያለው 10 ረድፍ መደርደር ይችላል። በቁጥር ካየነው 120 ለ16 ነው፤ ውድድር አይመስልም። ሲጫወቱት ግን ልዩነቱ ከሚታሰበው ያነሰ ነው። ምክንያቱ የጌሙ ምት ነው። አንድ ዋና ጥቃት ከተሰነዘረ በኋላ ቀጣዩ ዋና ጥቃት የሚመጣው በመሠረቱ ከ2.5 ሴኮንድ በኋላ ነው፤ በመሃል አጫጭር ችሎታዎች ይገባሉ። 2.5 ሴኮንድ ውስጥ አንድ ጣት ኤል 2ን ለቆ አር 2ን መጫን አያቅተውም። ፍጥነት ሳይሆን ቅደም ተከተል ማወቅ ነው ዋናው። እንዲህ ያለ ጌም ላይ ጆይስቲክ የያዘ ሰው ኪቦርድ ከያዘው እኩል ይቆማል፤ ከጎኑ የሚዋጋው ሰው ምን እንደያዘም አያውቅም።

ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው ፈዋሽ ሆነው ሲጫወቱ ነው። ስምንት ሰው ያለው ቡድን ውስጥ አምስተኛው ሊሞት ሲል ኮምፒዩተር ላይ ያለችው ፈዋሽ ስሙ ላይ በማውስ ጠቅ ታደርጋለች፤ አለቀ። ጆይስቲክ የያዘችው የአቅጣጫ ቁልፉን ወደ ታች እየመታች ዝርዝሩን ትወርዳለች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። የለመደች ፈዋሽ ዝርዝሩን በራሷ ቅደም ተከተል አስተካክላ፣ ብዙ የሚመታውን ሰው ቅርቧ ታስቀምጠዋለች። መሬት ላይ ክብ አስምሮ የሚጣል ችሎታም እንዲሁ ነው፤ ማውስ ነጥቡ ላይ በአንድ ጊዜ ያርፋል፣ የጆይስቲኩ ዱላ ግን ክቡን እየገፋ ይወስደዋል። በተቃራኒው መራመድና መሸሽ ላይ ዱላው ይበልጣል። ኪቦርድ አራት አቅጣጫና የእነሱን ድብልቅ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ዱላው ወደፈለገው ማዕዘን፣ በፈለገው ዝግታ ይሄዳል።

የኮንሶሉ ገደብ ግን በነፃ አልመጣም፤ ዋጋውን የከፈለው የኮምፒዩተሩም ተጫዋች ነው። ዕቃ መያዣው ለምን ጠበበ ሲባል፣ ይህ ለምን አልተጨመረም ሲባል፣ ከኩባንያው የሚመጣው መልስ በተደጋጋሚ የፕሌይስቴሽን 3 ሜሞሪ ስለነበር ነገሩ በተጫዋቾች ዘንድ መቀለጃ እስከ መሆን ደረሰ። ሁሉም አንድ ዓለም ውስጥ ከኖረ ዓለሙ የሚለካው በደካማው ማሽን ነው። በጁን 2017 ስቶርምብለድ የተባለው ተጨማሪ ክፍል ሲወጣ የፕሌይስቴሽን 3 አገልግሎት ተቋረጠ፤ ማሽኑን ለያዙት ወደ ፕሌይስቴሽን 4 በነፃ የሚሸጋገሩበት መንገድ ተዘጋጅቶ ነበር። በዚያው ጊዜ የተጫዋቹ ዕቃ መያዣ ከ100 ቦታ ወደ 140 አደገ። 40 ቦታ ለውጭ ሰው ምንም ነው፤ ለወራት የትኛውን ልጣል እያለ ሲሰቃይ ለነበረ ተጫዋች ግን በዓል ነበር።

ከጃፓኑ ጌም ተቃራኒውን መንገድ የያዘው ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን ነው። ሠሪው ዜኒማክስ ኦንላይን ስቱዲዮስ በሜሪላንድ ሃንት ቫሊ የሚገኝ ሲሆን በ2007 የመሠረተው ማት ፋይሮር ነው። ፋይሮር ቀድሞ ዳርክ ኤጅ ኦፍ ካሜሎት የተባለውን የኮምፒዩተር ኦንላይን ጌም ከሠሩት አንዱ ነበር። ኤልደር ስክሮልስ ግን ከ1994 ጀምሮ ብቻቸውን ለሚጫወቱ ሰዎች ሲሠራ የኖረ ተከታታይ ነው፤ የ2011ዱን ስካይሪምን በኮንሶል የተጫወተው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነበር። ስለዚህ ኦንላይኑ ጌም ሲቀረጽ የስካይሪም ሰው ጆይስቲኩን ሲያነሣ እንደ ቤቱ እንዲሰማው ማድረግ ያስፈልግ ነበር።

የተሠራውም እንዲሁ ነው። ኮምፒዩተር ላይ ያለ ተጫዋች እንኳ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አምስት ችሎታና አንድ ልዩ ኃይል ብቻ ነው። መሣሪያ ሲቀይር ሌላ አምስትና አንድ ያገኛል፤ በድምሩ 12። በፕሌይስቴሽኑ ጆይስቲክ ላይ አምስቱ ችሎታዎች በካሬ፣ በሦስት ማዕዘን፣ በክብ፣ በኤል 1 እና በአር 1 ላይ ይቀመጣሉ። ልዩ ኃይሉ ኤል 1 እና አር 1 አንድ ላይ ሲጫኑ ይመጣል። አር 2 ይመታል፣ ኤል 2 ይመክታል። ዒላማው ስክሪኑ መሃል ያለች ነጥብ ናት፤ ጠላትን ነጥቧ ላይ ማድረግ የተጫዋቹ ፈንታ ነው። ጌሙ በኮምፒዩተር በኤፕሪል 4 ቀን 2014 ሲወጣ፣ መቶ ቁልፍ ያለውን ኪቦርድ ይዘው አምስት ችሎታ ብቻ ሲሰጣቸው ያጉረመረሙ የኮምፒዩተር ተጫዋቾች ነበሩ። ይህን ውሳኔ ወደኋላ ሲያዩት ግን ጌሙ ካደረጋቸው ብልህ ነገሮች አንዱ ነው። 40 ችሎታ ያለው ሰው አርባውን ይጫናል፤ አምስት ብቻ ያለው ሰው የትኞቹን አምስት ልያዝ ብሎ ያስባል። ጨዋታው የሚጀምረው ከውጊያው በፊት ነው።

የኮንሶሉ ቅጂ ሁለት ጊዜ ከተራዘመ በኋላ በጁን 9 ቀን 2015 በፕሌይስቴሽን 4 እና በኤክስቦክስ ዋን ወጣ። ከዚያ በፊት በማርች ወር የግዴታ ወርኃዊ ክፍያው ተነሥቶ ነበር። ቀድመው ለገዙ የኮምፒዩተር ተጫዋቾች በ20 ዶላር የኮንሶሉን ቅጂ ገዝተው የገጸ ባሕርያቸውን ግልባጭ ይዘው እንዲሻገሩ ዕድል ተሰጣቸው። ዕድሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋ።

በሩ የተዘጋው ዓለሙ ስድስት ስለሆነ ነው። ኮምፒዩተር፣ ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ እያንዳንዳቸው አንድ የሰሜን አሜሪካና አንድ የአውሮፓ ግዙፍ ሰርቨር አላቸው። መንደሮቹ ያው፣ ተራሮቹ ያው፣ ታሪኩ ቃል በቃል ያው ነው፤ ሕዝቡ ግን አይገናኝም። በፕሌይስቴሽን የተገዛ ቤት ወይም ፈረስ ኮምፒዩተሩ ላይ የለም። ጌሙ በ2020 ጎግል ስታዲያ በተባለው አገልግሎት ላይም ሲወጣ የስታዲያ ተጫዋቾች ከኮምፒዩተሩ ሰርቨር ጋር ተቀላቀሉ፤ በጃንዋሪ 2023 ስታዲያ ሲዘጋ እነሱ ኮምፒዩተር ላይ ቀጠሉ። የኮንሶሎቹ አጥር ግን እንደቆመ ነበር።

አንድ ጌም ስድስት ቦታ ሲኖር ስድስት ባህል ያበቅላል። ለመጀመሪያው አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የኮንሶሉ ጌም የጽሑፍ መልእክት መለዋወጫ አልነበረውም፤ የነበረው ድምፅ ነው። ማይክ የከፈተ ሁሉ በአቅራቢያው ላለ ተጫዋች ይሰማል፤ ባንኩ በር ላይ የቆመ ባላባት የሌላውን ቤት ቴሌቪዥን፣ ውሻና ሕፃን እየሰማ ዕቃውን ያስቀምጣል። ይህ ለብዙዎች አስቀያሚ ነበር። ነገር ግን የኮንሶሉ ማኅበራት ከመጀመሪያው በድምፅ የተዋወቁ ሆኑ፤ 12 ሰው የሚጠይቀውን ትልቅ ዘመቻ ሲያደርጉ የሰውዬውን ስም ከማወቃቸው በፊት ሳቁን ያውቁታል። ኮምፒዩተር ላይ ለዓመታት አብረው ዘምተው አንዱ የሌላውን ድምፅ ሳይሰማ የሚኖሩ ሞልተዋል።

ሌላው ትልቅ ልዩነት አድኦን ነው፤ ተጫዋቾች ራሳቸው ጽፈው ጌሙ ላይ የሚለጥፏቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች። ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን ሲወጣ ስክሪኑ ጥግ ላይ ትንሽ ካርታ አልነበረውም፤ የሰጠው ከላይ የተዘረጋ ኮምፓስ ብቻ ነው። የኮምፒዩተሩ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ካርታውን በአድኦን ጨመሩ፤ ቀጥለው የተደበቁ ሳጥኖችና መጻሕፍት የት እንዳሉ የሚያሳይ፣ የአለቃው ጭራቅ ምት ሊወርድ ሲል የሚያስጠነቅቅ፣ ማን ምን ያህል እንደመታ የሚቆጥር መጣ። ኮንሶሉ ላይ አንዱም አልነበረም። የኮንሶሉ ተጫዋች ኮምፓሱን እያየ ኮረብታ ይወጣል፣ ይሳሳታል፣ ይመለሳል። የትኛው ተጠቀመ? አገሩን ለማየት ለመጣ ሰው ኮንሶሉ ይሻላል፤ ዘመቻ ለመምራት ለመጣ ኮምፒዩተሩ። በ2025 አድኦን በአዲሶቹ ኮንሶሎችም ላይ ሲፈቀድ፣ ይህ የአሥር ዓመት ልዩነት መጥበብ ጀመረ።

ልዩነቱን አጠገብ ሆኖ ለማየት ገበያ መውጣት ነው። በዚህ ጌም ሁሉም የሚሸጥበት አንድ ማዕከላዊ ገበያ የለም። እስከ 500 አባል የሚይዙ ማኅበራት በየከተማው ያሉ ነጋዴዎችን በየሳምንቱ ተጫርተው ይከራያሉ፤ ዕቃ የሚሸጠው በእነሱ በኩል ነው። አንድ ተጫዋች ሰይፉን ወደ ወርቃማው ደረጃ ለማድረስ ቴምፐሪንግ አሎይ የተባለ ብርቅ ማዕድን ያስፈልገዋል እንበል። ኮምፒዩተር ላይ ከሆነ፣ ማውሱን ዕቃው ላይ ሲያሳርፍ አድኦኑ ሰሞኑን የተሸጠበትን አማካይ ዋጋ ያሳየዋል፤ የትኛው ከተማ፣ የትኛው ነጋዴ ጋ በርካሽ እንዳለም አስቀድሞ መፈለግ ይችላል። ኮንሶል ላይ ለዓመታት የነበረው ዘዴ ሌላ ነው፦ ከከተማ ከተማ መዞር፣ ነጋዴዎቹን አንድ በአንድ መክፈት፣ ዋጋውን በአእምሮ ወይም በወረቀት መያዝ። ዋጋ ያላወቀ ሻጭ በርካሽ ይለቃል፤ የነቃ ገዢ ያገኘዋል። መርካቶ ገብቶ የመጀመሪያውን ዋጋ የማይቀበል ሰው እዚህኛው ገበያ ውስጥ ጎበዝ ነጋዴ ይወጣዋል። ስድስቱ ዓለሞች ስለማይነጋገሩም ያው ማዕድን በስድስቱ ገበያ ስድስት ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

ማሻሻያውም አብሮ አይደርስም። ኮምፒዩተር ላይ ኩባንያው ሲፈልግ ይለቅቃል። ኮንሶል ላይ የፕሌይስቴሽኑ ሶኒና የኤክስቦክሱ ማይክሮሶፍት ራሳቸው መርምረው ማጽደቅ አለባቸው፤ ስለዚህ አዲሱ ምዕራፍ ኮንሶሉ ጋ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። የሙከራ ሰርቨሩም ያለው ኮምፒዩተር ላይ ብቻ ነው። የኮንሶሉ ተጫዋች ታሪኩ እንዴት እንዳለቀ ከሌሎች እየሰማ ይጠብቃል። የሚያጽናናው አንድ ነገር አለ፤ የኮምፒዩተሩ ሰዎች ያገኟቸው አንዳንድ ስህተቶች እሱ ጋ እስኪደርስ ተስተካክለው ይጠብቁታል።

ምስሉስ? የኮንሶሉ ቅጂ ለዓመታት በሴኮንድ 30 ምስል ነበር የሚያሳየው። በጁን 2021 ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለኤክስቦክስ ሲሪስ የተዘጋጀው ቅጂ መጣ፤ ተጫዋቹ 60 ምስል ወይም በ30 ምስል የ4ኬ ጥራት ይመርጣል። ጥሩ ኮምፒዩተር ያለው ሁለቱንም አንድ ላይ ያገኛል።

ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ አድኦን ጭራሽ ክልክል ነው፤ ደንቡ ማንኛውንም የውጭ መሣሪያ አይፈቅድም። ኮንሶሉ ላይ መጫን ስለማይቻል ሕጉ ራሱን ያስከብራል። ኮምፒዩተሩ ላይ ግን በድብቅ የሚጠቀም አለ። ይህ በጃንዋሪ 2023 ፈነዳ። እጅግ ከባድ የሆነውን የኦሜጋ ፍልሚያ ከዓለም ቀድሞ የጨረሰው ቡድን፣ ካሜራውን ከተፈቀደው በላይ የሚያርቅ መሣሪያ መጠቀሙን የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ዮሺዳ ረጅም መግለጫ ጽፎ፣ እሱ በበኩሉ ያንን ቡድን በመጀመሪያነት እንደማይቀበል አስታወቀ። ሁለቱ ማሽኖች አንድ ዓለም ውስጥ ሲኖሩ ጥያቄው ከደንብ በላይ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ላይ ያለው መሣሪያ ከያዘ፣ ከጎኑ የሚዋጋው የፕሌይስቴሽን ተጫዋች ያልተፈቀደለትን ዓይን ይዞ ነው የሚያየው። በተለያዩ ዓለሞች ውስጥ ቢኖሩ ኖሮ ይህ ጥያቄ አይነሣም ነበር። የኤልደር ስክሮልስ አጥር አንድ የሚመሰገንበት ነገር ካለ ይኸው ነው።

አጥሩን ያቆመው ግን ብዙውን ጊዜ ቴክኖሎጂ ሳይሆን የኩባንያዎቹ ፖሊሲ ነው። ዮሺዳ ጌሙን ለኤክስቦክስ ያላወጣው ተጫዋቾቹ ተለያይተው መኖራቸውን ስላልፈለገና የማይክሮሶፍት ደንብ ከሌላው ጋር መቀላቀልን ስላልፈቀደ እንደሆነ ደጋግሞ ተናግሯል። የሚገርመው በ2006 የቀድሞው 11ኛ ጌም በዚያው ኩባንያ ማሽን ላይ ከሌሎች ጋር ተቀላቅሎ መሥራቱ ነው። ሶኒም ከኤክስቦክስ ጋር የሚያገናኝ በር ለዓመታት አልከፈተም፤ በሴፕቴምበር 2018 ፎርትናይት በተባለው ጌም ጀመረ። ፋይናል ፋንታሲ 14 በኤክስቦክስ ሲሪስ ላይ የወጣው በማርች 21 ቀን 2024 ነው፤ ሲወጣም ከፕሌይስቴሽንና ከኮምፒዩተር ተጫዋቾች ጋር በአንድ ሰርቨር ላይ ነበር። ከ11 ዓመት ገደማ ጥበቃ በኋላ ማለት ነው።

እንግዲህ የትኛው መንገድ ይሻላል? የአንዱ ዓለም መንገድ። ጓደኛ ያለው በሌላ ማሽን ላይ ስለሆነ ብቻ አብሮ መጫወት አለመቻል፣ አድኦን ከሚያመጣው ጣጣ ይብሳል። ኦንላይን ጌም ያለ ሰው ባዶ ከተማ ነው፤ ሰውን ለስድስት መክፈል እያንዳንዱን ከተማ ያሳሳል።

ከኢትዮጵያ ሆኖ መሞከር ለሚፈልግ ሰው ነገሩ ሌላ ስሌት አለው። የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በይፋ ከሚሰጥባቸው አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፤ ስለዚህ ከችግር ነፃ የሆነው በር ኮምፒዩተሩ ነው። የሁለቱም ጌሞች የአውሮፓ ሰርቨሮች ያሉት ጀርመን ነው። ብርሃን በፋይበር ገመድ ውስጥ በሴኮንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በቀጥታ 5,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን፣ የደርሶ መልሱ መዘግየት በምንም ተአምር ከ50 ሚሊሴኮንድ በታች አይወርድም፤ በእውነተኛው መስመር ደግሞ ከዚያ ብዙ ይረዝማል። ነጥብ ላይ አነጣጥሮ መምታትና በቅጽበት መመከት የሚጠይቀው ኤልደር ስክሮልስ ይህን መዘግየት ያሳብቃል። ለጆይስቲክ ተብሎ የተረጋጋው የፋይናል ፋንታሲ ባለ 2.5 ሴኮንድ ምት ግን ይታገሠዋል።

ከመጀመርዎ በፊት ታዲያ ሁለት ነገር ይወቁ። ፋይናል ፋንታሲ 14 እስከ 70ኛ ደረጃ ያለ ጊዜ ገደብ በነፃ ይሞከራል፤ ኮምፒዩተር ላይ የፈጠሩትን ገጸ ባሕርይ በኋላ በኮንሶልም ያገኙታል፣ ሙሉው ጌም ግን ለየማሽኑ እንደገና ይገዛል፤ ስቲም ከተባለው የኮምፒዩተር ጌም መደብር የገዙም ተጨማሪ ክፍሎቹን በስቲም ብቻ ነው የሚገዙት። ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይንን ከመረጡ ደግሞ ከመክፈልዎ በፊት ጓደኞችዎ በየትኛው ማሽንና በየትኛው ሰርቨር እንደሚጫወቱ ይጠይቁ፤ ገጸ ባሕርይዎን ከኮንሶል ወደ ኮምፒዩተር አይወስዱትም።